ግብርና ድንበር፤ ከለቃ ነቀምቴ እስከ ባሕር ማዶ ልጆቻችን



በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ግብር ታሪክ ጥቂት ነገር ጽፈን ለማቅረብ የተነሣንበት ምክንያት አለ። ይኸውም ከአባሎቻችን መካከል ልጆቻቸው ትዳር ይዘው አሜሪካ የሚኖሩ ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ከባልና ሚስት አንዱ በሥራ ቪዛ፣ ሌላው በተማሪ ቪዛ ነው ያለው። ታዲያ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ሲደርስ ስልክ ይደወላል። «አባዬ፣ የነቀምቴው ቤታችን ኪራይ ባለፈው ዓመት ስንት ገባ? የግብሩ ደረሰኝ አለ ወይ? የጋብቻ ወረቀታችንንም ፈልጋችሁ ላኩልን» ይባላል። ወላጅም ግራ ይገባዋል። «እዚህ ግብሩን ከፍለን ጨርሰናል፤ የነቀምቴ ቤት ኪራይ አሜሪካንን ምን አገባው?» ብሎ የሚቆጣም አለ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ ባያልፍም ዕድሜያችንን በመዝገብና በደረሰኝ መካከል ያሳለፍን ስለሆንን፣ ነገሩን ከሥር መሠረቱ ጀምረን ብናስረዳ ይጠቅማል ብለን አሰብን። ግብር ከጥንት ጀምሮ ሰውን «የማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ነገር ነው። ጥያቄው ያው ነው፤ መልሱ ግን ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል። የልጆቻችንም ችግር የዚሁ ጥያቄ ቅጥያ ነው።

፩. የማን ገባር ነህ?

«ግብር» የሚለው ቃል በአባቶቻችን ዘንድ ሁለት ፊት ነበረው። ሕዝቡ ለጌታው የሚያገባው ግብር አለ፤ ጌታውም በአዳራሹ ሰው ሰብስቦ የሚያበላው ግብር አለ። በኦሮምኛም «ጊብራ» እንለዋለን። በዚያ ዘመን አንድን ሰው «የማን ገባር ነህ?» ብሎ መጠየቅ «አገርህ ወዴት ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ብዙም አይለይም ነበር። ግብሩ የሚከተለው መሬቱንና ጌታውን ነበር።

የእኛን አገር ብንወስድ፣ በ1874 ዓ.ም. ሆሮ ጉድሩ ውስጥ እምባቦ ላይ የሸዋና የጎጃም ጦር ከተዋጋ በኋላ የለቃ ነቀምቴው ገዥ ሞሮዳ በቀሬ በራስ ጎበና ዳጨ በኩል ለምኒልክ ገቡ። አገራቸውን እንደያዙ እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው፤ በምትኩ ግን ግብር ይልኩ ነበር። ልጃቸው ኩምሳ ሞሮዳም፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በዚሁ መንገድ ቀጠሉ። በቄለም በኩል ደግሞ ጆቴ ቱሉ ነበሩ። ከወለጋ የሚላከው ግብር ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነበር። ለማዕከላዊው መንግሥት ገባሩ ገዥው ነው፤ ገበሬው የሚገብረው ለቆሮውና ለገዥው ነበር ማለት ነው።

ይህን የምናውቀው በወሬ ብቻ አይደለም። በኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው የቆዩ በአማርኛ የተጻፉ ብዙ ደብዳቤዎችና ሰነዶች አሉ። የታሪክ ምሁሩ ተሰማ ታአና ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ሰብስበው ለኅትመት አብቅተዋቸዋል። እነዚያን ደብዳቤዎች የጻፉት ጸሐፊዎች በየሹሙ አጠገብ ተቀምጠው የመጣውንና የሄደውን የሚመዘግቡ እንደኛ ያሉ ሰዎች ነበሩ። እነርሱ ባይጽፉ ኖሮ ዛሬ ማን ምን እንደገበረ በምን እናውቅ ነበር? በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ።

፪. ድንበር ያለው ገበያ

በግንቦት 1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የሱዳንን ወሰን ሲዋዋሉ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ኢታንግ አጠገብ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ይህ ነው የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ የሆነው። የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ እየተጫነ ይወርድና በክረምት ባሮ ሲሞላ በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። በዚህም ሳቢያ ግሪኮች፣ ሶርያውያንና ሌሎችም የውጭ ነጋዴዎች በጋምቤላ፣ በጎሬና በደምቢ ዶሎ ሱቅና መጋዘን ከፈቱ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የጣቢያው ውል አበቃ።

እንግዲህ እነዚህ ነጋዴዎች እዚሁ እየኖሩ፣ ከእኛው ሰው ጋር እየነገዱ የማን ናቸው? በ1900 ዓ.ም. ክሎቡኮውስኪ የሚባለው የፈረንሳይ መልእክተኛ ከአጼ ምኒልክ መንግሥት ጋር በተፈራረመው ውል መሠረት የውጭ ዜጋ የእርስ በርስ ክርክሩ በራሱ ቆንስል ይዳኝ ነበር፤ ከውጭ በሚያስገባው ዕቃ ላይም የሚከፈለው ቀረጥ በመቶ 10 ከሚለው በላይ እንዳይሆን ተወሰነ። ለፈረንሳዮች የተሰጠውን ሌሎቹም መንግሥታት «ለእኛም» አሉ። በዚህ ምክንያት መንግሥት በውጭ ሰው ላይ አዲስ ግብር ለመጣል ይቸገር ነበር። መልሱ ተለወጠ ማለት ነው። ገባርነቱ የሚከተለው የሚኖርበትን መሬት ሳይሆን ፓስፖርቱን ሆነ። ጎን ለጎን ከተከፈቱ ሁለት ሱቆች አንዱ ለአገሬው ሹም ሲገብር፣ ሌላው ቆንስሉን ይጠራል። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ያ የቆንስል ዳኝነት አልተመለሰም።

፫. በአባወራው ስምና በፔሮል

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ወለጋን ጨምሮ በብዙ ጠቅላይ ግዛቶች በአንድ ጋሻ ላይ የሚከፈለውን በገንዘብ ወሰነ። አሥራቱ ተጨምሮ ለለም መሬት 50 ብር፣ ለለም ጠፍ 40 ብር፣ ለጠፍ 15 ብር ነበር። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት፣ በ1951 ዓ.ም. የጤና ግብር ታከለበት። አሥራት በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተተካ። ካርኒው የሚቆረጠው ባብዛኛው በአባወራው ስም ነበር። ሚስት አብራ አርሳ፣ አብራ አርማ፣ ስሟ ካርኒው ላይ የለም። ባል ሲሞት ታዲያ ካርኒው በእጇ ያለ ሴት መሬቱ የቤቷ መሆኑን ለማስረዳት ይቀላት ነበር፤ ካርኒው የጠፋባት ግን ምስክር ፍለጋ ስትንከራተት ትኖራለች።

የደመወዝተኛው ነገር ሌላ ነው። በ1936 ዓ.ም. ደመወዝተኛውና ነጋዴው በገቢው ልክ እንዲከፍል አዋጅ ወጣ፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 173 ተተካ። ደመወዝተኛው ግብሩን ራሱ ሄዶ አይከፍልም፤ አሠሪው ከፔሮል ላይ ይቆርጥለታል። እኛ ለብዙ ዓመት እንዳየነው ባልና ሚስት በአንድ ትምህርት ቤት ቢያስተምሩም ፔሮሉ ላይ ስማቸው በሁለት መስመር ነው የሚጻፈው፤ ግብራቸውም ለየብቻ ይሰላል። በኢትዮጵያ የባልና ሚስትን ደመወዝ ደምሮ በአንድ ቅጽ ግብር ማስላት አልተለመደም። የልጆቻችን ወላጆች ግራ የሚጋቡትም አንደኛው በዚህ ነው።

መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ከሆነ በኋላ፣ በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ገበሬው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ለመንግሥት መክፈል ጀመረ። በመካከል ያለው ጌታ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕግ ተለዋውጦ በ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ወጣ። በዚህ አዋጅ ነዋሪ የሚባለው መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ እዚህ የቆየ ሰው ነው። ነዋሪ ያልሆነ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ባገኘው ገቢ ብቻ ይጠየቃል። ስለዚህ ልጅ አሜሪካ ቢኖርም የነቀምቴው ቤት ኪራይ የሚገኘው እዚህ ነውና ግብሩ እዚህ ይከፈላል። ይህ የመጀመሪያው ድንበር ነው። ልብ በሉ፤ አሁን መልሱ ጌታም ፓስፖርትም ሳይሆን ቀን መቁጠር ሆኗል።

፬. አሜሪካ ምን አገባው?

የወለጋ ሰው ባሕር ተሻግሮ መማሩ አዲስ ነገር አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ስዊድን ድረስ ሄደው ተምረው በ1896 ዓ.ም. ወደ ወለጋ ተመልሰዋል። በእርሳቸው ዘመን ግን ተማሪን በየዓመቱ ፎርም ሙላ የሚለው አልነበረም። በአሜሪካ የገቢ ግብር በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ባልና ሚስት ገቢያቸውን ደምረው በአንድነት በመክፈላቸው በአገሩ ሁሉ የሚጠቀሙበት ሥርዓት የመጣው በ1948 ነው። የውጭ ሰው ነዋሪ መሆኑ በቀን ቁጥር እንዲታወቅ የተደነገገው ደግሞ በ1984 ነው።

ቆጠራው እንዲህ ነው። ሰውየው በዘንድሮው ዓመት ቢያንስ 31 ቀን እዚያ መቆየት አለበት። ከዚያም የዘንድሮው ቀን ሙሉ በሙሉ፣ የአምናው ሲሦ፣ የካቻምናው ደግሞ ከስድስት አንድ ተደምሮ 183 ከሞላ ለግብር ነዋሪ ይባላል። ለምሳሌ ዘንድሮ 150፣ አምና 90፣ ካቻምና 60 ቀን የቆየ ሰው 150 ሲደመር 30 ሲደመር 10፣ ድምሩ 190 ነው፤ ነዋሪ ሆነ። ነገር ግን በተማሪ ቪዛ፣ ኤፍ-1 በሚሉት፣ ያለ ሰው እስከ አምስት የዘመን መቁጠሪያ ዓመት ድረስ ቀኑ አይቆጠርም። በታኅሣሥ ቢገባ እንኳ ያቺ ዓመት እንደ አንድ ዓመት ትያዝበታለች። በሥራ ቪዛ፣ ኤች-1ቢ በሚሉት፣ ያለው ግን ቀኑ ይቆጠራል።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ባል በሥራ ቪዛ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ሚስት በተማሪ ቪዛ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። በአንድ ቤት ይኖራሉ፣ ከአንድ ድስት ይበላሉ። በግብሩ ሕግ ግን እርሱ ነዋሪ፣ እርሷ ነዋሪ ያልሆነች ናት። አንዱ ትዳር በሁለት ሳጥን ገባ። ደግሞም አንድ ልጅ ከተማሪ ቪዛ ወደ ሥራ ቪዛ በእነርሱ ጥቅምት 1 ቀን ቢዛወር፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚቆጠርለት 92 ቀን ብቻ ስለሆነ አራት ዓመት እዚያ ኖሮም ለዚያ ዓመት እንደ እንግዳ ሊታይ ይችላል። እንግዲህ ቪዛው ራሱ ግብሩን አይወስንም፤ ቀኑ ይቆጠር አይቆጠር የሚለውን ነው የሚወስነው።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ሁለቱም ነዋሪ ካልሆኑ በአንድነት መሙላት አይችሉም፤ ለየራሳቸው 1040-ኤንአር የሚባለውን ፎርም ይሞላሉ። ተማሪዋ ምንም ገቢ ባይኖራት እንኳ 8843 የሚባለውን ፎርም ትልካለች። አንዱ ነዋሪ፣ አንዱ ነዋሪ ያልሆነ ከሆነ ግን በ1976 የወጣ ሕግ አንድ በር ከፍቷል። ሁለቱም ተስማምተው በፊርማቸው ከጠየቁ፣ ነዋሪ ያልሆነውም እንደ ነዋሪ ተቆጥሮ በፎርም 1040 በአንድነት ይሞላሉ። ብዙ ጊዜ በተለይ አንዱ ብቻ ደመወዝ ሲኖረው በአንድነት መሙላት ግብሩን ይቀንሳል።

ይህ በር ግን ዋጋ አለው። አንደኛ፣ ሁለቱም በዓለም ላይ ካለው ገቢያቸው ሁሉ ይጠየቃሉ። የነቀምቴ ቤት ኪራይ አሜሪካንን የሚያገባው በዚህ ነው። ሳይመርጡ ቢቀሩ የሚስት ድርሻ የሆነው ኪራይ እዚያ አይጠየቅም፤ የነዋሪው ባል ድርሻ ግን በማንኛውም መንገድ ይጠየቃል። ሁለተኛ፣ በአንድነት የፈረሙ ባልና ሚስት ለዕዳውም በአንድነት ይጠየቃሉ። እኛ በእድራችን ይህን እናውቀዋለን። ባልና ሚስት በአንድ ስም ይመዘገባሉ፣ መዋጮው አንድ ነው፤ ውዝፍ ሲኖር ግን «የእርሱ ነው፣ የእርሷ ነው» አይባልም። ሦስተኛ፣ ይህ ምርጫ አንዴ ከተሻረ በኋላ እነዚያው ባልና ሚስት ዳግመኛ ሊመርጡት አይችሉም። ስለዚህ «ጓደኞቻችን እንዲህ አደረጉ» ተብሎ የሚፈረም አይደለም።

፭. ሁለቴ እንዳይከፈል

ኢትዮጵያ ከጣሊያን፣ ከፈረንሳይ፣ ከእንግሊዝ፣ ከሕንድና ከቻይና ጋር በአንድ ገቢ ላይ ሁለት ጊዜ ግብር እንዳይከፈል ውል አላት። ከአሜሪካ ጋር ግን እንዲህ ያለ ውል የላትም። ይህ ማለት ልጆቻችን የግድ ሁለቴ ይከፍላሉ ማለት አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ራሱ ነዋሪው በሌላ አገር የከፈለውን የገቢ ግብር እስከ ተወሰነ ልክ ድረስ ከዚያው ግብር ላይ ያቀናንስለታል። ማስረጃው ግን ደረሰኝ ነው። «ከፍለናል» ማለት ብቻውን አይበቃም።

ይህን ስንል በሠፈራችን ያየነው አለ። ልጆቻቸው አሜሪካ ያሉ ሁለት ቤተሰቦች የየልጆቻቸውን ቤት ያከራያሉ፤ ሁለቱም የኪራይ ግብር በየዓመቱ ከፍለዋል። አንደኛዋ እናት ደረሰኙን በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ በዓመት በዓመት አሥራ አስቀምጣ ስለነበር ልጇ በጠየቀ በሳምንቱ ሁሉም ደረሰው፤ እዚህ የተከፈለውም ተያዘለት። የሌላኛው ቤት ደረሰኝ ግን ቤት ሲታደስ ከሌላ ወረቀት ጋር ተቃጠለ። ልጅቷና ባሏ ቀኑ ስለደረሰባቸው በዚያው ኪራይ ላይ እዚያም ከፈሉ። ገንዘቡ ለአባትየው ሕክምና ሊላክ የታሰበ ነበር። አባትየው ይህን ሲሰሙ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም ብለውናል። ማንም አልሰረቃቸው፣ ማንም አልበደላቸው፤ የጠፋው አንድ ብጫቂ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ለአባሎቻችን የሚከተለውን እናሳስባለን።

ሀ/ የኪራይ ግብርም ሆነ የቤትና የቦታ ግብር ደረሰኝ በየዓመቱ ለየብቻ ይቀመጥ። ፎቶውም ለልጆች አስቀድሞ ይላክ። ለእድሳት የወጣ ወጪ ካለ እርሱም ከኪራዩ ላይ ሊቀናነስ ስለሚችል ደረሰኙ ይያዝ።

ለ/ የእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የእነርሱ ግን ከታኅሣሥ 23 አካባቢ ይጀምርና ከዚያው ይደርሳል። የዓመቱን ድምር ብቻ ብትልኩላቸው አይጠቅማቸውም፤ የየወሩ ኪራይ ከነቀኑ በደብተር ይጻፍ። ቀኑ የሚያስፈልገው ብሩ ወደ ዶላር ስለሚመነዘርም ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ የብር ዋጋ በጣም ወርዷል። ከዚያ በፊት የተቀበሉትን በኋላኛው፣ በኋላ የተቀበሉትን በፊተኛው ምንዛሪ ማስላት ሒሳቡን ያዛባዋል።

ሐ/ የልጆቻችን ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በባህል የተፈጸመ ቢሆን እንኳ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ተመዝግቦ የምስክር ወረቀቱ ይውጣ። ባልና ሚስት ነን ብሎ ለመሙላት ጋብቻው በሚገባ የታወቀ ቢሆን ይሻላልና።

መ/ ቤቱ የባል ነው፣ የሚስት ነው ወይስ የሁለቱም የሚለው ቀድሞ ይታወቅ። በቤተሰብ ሕጋችን ትዳር ከተመሠረተ በኋላ የተገኘ ገቢ በመሠረቱ የጋራ ነው። የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ ፎርም ከተሞላ ኋላ ጭቅጭቅ ያመጣል።

ሠ/ የእነርሱ የመጨረሻ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ሚያዝያ 15 በፈረንጅ፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ነው። ወረቀት ሲጠይቁን በፋሲካ ሰሞን ሳይሆን ከጥምቀት በኋላ ወዲያው ብንልክ ፋታ ያገኛሉ። ፎርሙን በመሙላት በኩል ግን በዚያ ሥራ የታወቀ ባለሙያ ይጠይቁ፤ ከዚህ በስልክ የሚመከር አይደለም።

ወጣቶቹ ሲደውሉ መቆጣት አያስፈልግም። በኩምሳ ሞሮዳ ዘመን የተጫነውን ወርቅ የመዘገበ ጸሐፊ፣ በ1937 ዓ.ም. የጋሻ ግብር ካርኒ የቆረጠ ጸሐፊ፣ ዛሬ አሜሪካ ሆና ፎርም 1040 የምትሞላው ልጃችንም የሚመልሱት ያንኑ «የማን ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ልጆቻችን ዛሬ የሁለት አገር ገባሮች ሆነዋል። ከሁለቱ ግብር አንዱ ሁለት ጊዜ እንዳይከፈል ማድረግ ግን እዚህ እኛ ዘንድ ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ይጀምራል።

ደረሰኙን በቤቱ ማስቀመጥ የማይመቸው አባል ቢኖር በፖስታ አድርጎ ስሙን ጽፎበት ለእድራችን ጸሐፊ ቢሰጥ ከእድሩ መዝገብ ጋር ይቀመጥለታል። ይህም በባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ የተነሣ ሐሳብ ስለሆነ በመጪው ስብሰባ እንዲጸድቅ እናሳስባለን።